ክረምት ሳይገባ ቤትን ማደስ፦ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለሚኖሩ የተዘጋጀ መመሪያ

የጭቃ ቤት ያለው የምዕራብ ጎጃም ነዋሪ በየዓመቱ የማይቀርለት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 በሚዘልቁት የጸደይ ወራት ቤቱን ለክረምት ማዘጋጀት ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት የጃቢ ጠህናን፣ የቡሬ ዙሪያ፣ የወምበርማና የደምበጫ ገጠር ቀበሌዎች የሚጥለው ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ስለሚወርድ፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ግድግዳ ክረምት ላይ አንዴ ከራሰ እስከ ጥቅምት ድረስ በደንብ የሚደርቅበት ዕድል አያገኝም። ሐምሌ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ መጠገንም ሆነ ነሐሴ ላይ የተናደ ግድግዳ መመረግ ድካሙ ብዙ፣ ፋይዳው ግን ጥቂት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ መመሪያ ሥራውን በዘጠኝ ደረጃዎች ከፍሎ ያቀርባል። የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል በሁለት ነገሮች ላይ ተመሥርቷል። አንደኛው፣ ውሃ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ ጥገናውም ከጣሪያ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ መሠረት፣ ከመሠረትም ወደ ግቢ መውረድ ስላለበት ነው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ የተለሰነ ግድግዳ በመጀመሪያው ዶፍ ይበላሻልና። ሁለተኛው፣ ጭቃም እንጨትም ኖራም ለመድረቅ ጊዜ የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ ዘግይቶ የተጀመረ ሥራ በጥሩ ባለሙያ ቢሠራም እንኳ ሳይጠነክር ዝናብ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ጀምበር ሳለ ሩጥ የተባለው ለዚህ ሥራ በትክክል ይስማማል።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን መወሰንና ቤቱን መመርመር

የሥራው ዕቅድ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ቢወጣ ይመረጣል። በአካባቢው በቆሎ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ መባቻ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡም የጎረቤቱም ጉልበት ወደ እርሻ ይዞራል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጠይቁት ሥራዎች፣ በተለይም ጭቃ ማቡካትና መመረግ፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ተጠናቀው ግንቦት ለማድረቂያና ለቦይ ሥራ ቢተው ይበጃል። በወንፈል፣ ማለትም በተራ በሚመለስ የጉልበት ብድር፣ ወይም በደቦ ለማሠራት ያሰበ ባለቤት በወራቱ ውስጥ የሚውሉትንና ሥራ የማይሠራባቸውን በዓላት አስቀድሞ ቆጥሮ ቀኑን መቁረጥ ይኖርበታል።

ምርመራው ፀሐይ በጠነከረችበት በእኩለ ቀን ይደረግ። በርና መስኮት ተዘግቶ ከውስጥ ወደ ጣሪያው ሲታይ፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ብርሃን የሚታይበት ነጥብ ሁሉ ውሃ የሚገባበት ነው። ነጥቡ በየትኛው ወራጅ፣ ማለትም ጣሪያውን በተሸከመው በየትኛው አግዳሚ እንጨት አጠገብ እንደሆነ፣ ከግድግዳውም ስንት ክንድ እንደሚርቅ በወረቀት ይመዝገብ፤ ባለሙያው ጣሪያው ላይ ሲወጣ ያው ቀዳዳ ከዝገቱ ጋር ተመሳስሎ አይለይለትምና። ቀጥሎ በግድግዳው ላይ ያለፈው ክረምት የተወው ቡናማ የውሃ መውረጃ መስመር ይፈለግ፤ መስመሩ የሚጀምርበት ቦታ ጉድለቱ ያለበትን ያመለክታል። ግድግዳው በጣት አንጓ ሲንኳኳ እንደ ቅል የሚጮህ ከሆነ ልስኑ ከማገሩ ለቋል ማለት ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቋሚ እንጨት ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቢላ ጫፍ ይወጋ፤ ጤነኛ እንጨት ቢላውን ሲመልስ የበሰበሰው ያለ ተቃውሞ ያስገባዋል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ምርመራውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ልስን መሄድ ነው። አዲስ ጭቃ የውሃውን መስመር፣ የምስጡን መንገድና ስንጥቁን በአንድነት ስለሚሸፍን፣ ጉዳቱ ሳይድን ማስረጃው ብቻ ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ጣሪያን መጠገን

ለቆርቆሮ ጣሪያ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጠንካራ መሰላል፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ጎሚኒ ያለው የቆርቆሮ ምስማር፣ ሬንጅና ሁለት ረዘም ያሉ ሳንቃዎች ናቸው። ሳንቃው የሚያስፈልገው ሰው በቀጥታ ቆርቆሮ ላይ ከቆመ ማዕበሉን ስለሚደፈጥጠውና አዲስ መፍሰሻ ስለሚፈጥር ነው፤ ሳንቃውም የምስማሮቹ ረድፍ በሚያመለክተው የእንጨት መስመር ላይ ይጋደም። ወደ ቤቱ የሚገባ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ከመውጣት በፊት ከቆጣሪው ይጥፋ፤ ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ግን ቆጣሪው ቢጠፋም ኃይል ስለሚኖረው በእጅም ሆነ በመሰላል ፈጽሞ አይነካ። የገመዱ ልባስ ተልጦ ቆርቆሮውን የሚነካ ከሆነ ጥገናው ለአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ይተው።

አብዛኛው የቆርቆሮ ፍሳሽ የሚጀምረው ከምስማር ነው። ቆርቆሮ ቀን በሙቀት ሲለጠጥና ሌሊት በቅዝቃዜ ሲሰበሰብ ምስማሩን ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጎሚኒውም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዙሪያውም እንደ ቀለበት የሚታይ የዝገት ክብ ይፈጠራል። እንዲህ ያለውን ምስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ብዙ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት ነው፤ ቀዳዳው አስቀድሞ ስለሰፋ ምስማሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይነሣል። ትክክለኛው መንገድ አሮጌውን ነቅሎ ረዘምና ወፈር ያለ ባለ ጎሚኒ ምስማር በቦታው መምታት፣ ሥሩ ያለው እንጨት ከላላም ምስማሩን ጤነኛ እንጨት ወዳለበት ማዛወርና የቀድሞውን ቀዳዳ ከዝገቱ ጠርጎ በሬንጅ መድፈን ነው። ምስማር ምንጊዜም በማዕበሉ ጉብታ ላይ ይመታ፤ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው በኩል ስለሆነ እዚያ የተመታ ምስማር በዝናብ ጊዜ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይቆያል።

ሙሉ ቆርቆሮ መቀየር ካስፈለገ የጌጁ ቁጥር ይጠየቅ። ጌጅ የቆርቆሮን ውፍረት የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ስለዚህ ባለ 30 ጌጅ ከባለ 32፣ ባለ 32ም ከባለ 35 የተሻለ ነው። አንዱ ቆርቆሮ በጎን ሌላውን ቢያንስ በአንድ ተኩል ማዕበል፣ ከላይ ወደ ታች ሲደራረቡ ደግሞ ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር መደረብ ይኖርበታል፤ የጎኑ መደራረቢያም ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ፊቱን ማዞር አለበት። ቀዳዳን በስሚንቶ መድፈን አያዋጣም፤ ቆርቆሮው በየቀኑ ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ ስሚንቶው ተሰንጥቆ ይለቃል። ላስቲክ ዘርግቶ ድንጋይ መጫንም ከላስቲኩ ሥር ውሃ አጠራቅሞ ዝገትን ያፋጥናል፤ በነፋስ የሚንከባለል ድንጋይ ደግሞ ለሰው አደጋ ነው።

በገጠር ለሚገኝ የሣር ክዳን ቤት የሚያስፈልገው ማጭድ፣ ልጥ ወይም ገመድ፣ እንዲሁም ካለፈው በጋ ታጭዶ የደረቀ ሰንበሌጥ ነው። ጠቁሮ የበሰበሰው፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈረው ሣር እስከ ጤነኛው ድረስ ይነቀል፤ በበሰበሰ ሣር ላይ አዲስ መደረብ እርጥበቱን አፍኖ መበስበሱን ወደ አዲሱ ያስተላልፋልና። አዲሱ ሣር ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ላይ፣ የላይኛው የታችኛውን እየሸፈነ ይታሰር። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉልላቱ ነው፤ የወራጆቹ ሁሉ ጫፍ የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ በእርሱ በኩል የገባ ውሃ በምሰሶው ላይ ወርዶ የቤቱን ዋና ተሸካሚ ያበሰብሳል።

ደረጃ 3፦ የጣሪያውን ውሃ ማስያዝ

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በዚህ ስሌት ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር በሚጥል አንድ ዝናብ 800 ሊትር፣ በክብደት ሲታሰብ ስምንት ኩንታል ውሃ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ከጣሪያው ጠርዝ በቀጥታ ሲወርድ መሬቱን ይቆፍራል፤ ፍንጣሪውም የግድግዳውን እግር ያጥባል። አሸንዳ፣ ማለትም በጣሪያው ጠርዝ የሚገጠም የውሃ መቀበያ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ነባር አሸንዳ ካለ የተጠራቀመው ቅጠልና አፈር ይጠረግ፤ መገጣጠሚያውም በሬንጅ ይደፈን። ተዳፋቱ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃ ቱቦው ማዘንበል አለበት፤ ያላዘነበለ አሸንዳ ውሃ አቁሮ ይዝጋል፣ የወባ ትንኝም ይራባበታል። የፋብሪካ አሸንዳ ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ባለቤት ከአዊ ደጋማ አካባቢ የሚመጣውን ወፍራም ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቆ፣ የውስጥ አንጓዎቹን ጠርቦ በመግጠም ለጥቂት ክረምቶች ሊገለገልበት ይችላል።

ውሃውን በበርሜል ወይም በሮቶ ለማጠራቀም ለሚፈልግ፣ ከበጋው በኋላ የሚጥሉት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ስለሚወርዱ ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይገቡ ይደረግ። ማጠራቀሚያው መክደኛ ይኑረው፤ ውሃው ለመጠጥ የሚውል ከሆነም ይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ይታከም።

ደረጃ 4፦ እንጨቱን ማጠናከርና ምስጥን መከላከል

የጭቃ ቤት ጭቃው ሲታይ እንጨቱ የሚረሳ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት ግን ቋሚዎቹ ናቸው። የበሰበሰ ቋሚ በሚቀየርበት ጊዜ ከጎኑ ጠንካራ ድጋፍ ተተክሎ፣ አንዱ ተጠናቅቆ ሳይጠነክር ሌላው መነቀል የለበትም፤ ዋናውን ምሰሶ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ልምድ ያለው አናጢ ይጠራ። ለአዲስ ቋሚ የሚመረጠው ምስጥንና መበስበስን የሚቋቋመው ጥድ ወይም ወይራ ሲሆን፣ እነዚህ በቀላሉ ስለማይገኙ አብዛኛው ሰው ባሕር ዛፍ ይጠቀማል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ልጡ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ በጥላ ተደርድሮ ለሳምንታት መድረቅ ይኖርበታል፤ እርጥብ ሳለ የተተከለ እንጨት በግድግዳው ውስጥ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰበሰብ አዲሱን ልስን ይሰነጥቀዋል።

ምስጥ ስለመኖሩ ከሚያሳዩት ምልክቶች ዋናው በግድግዳው ወይም በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ስፋቱ እርሳስ የሚያህል የአፈር መተላለፊያ ነው። ምስጥ ብርሃንንና ደረቅ አየርን ስለሚሸሽ በዚህ መንገድ ተሸፍኖ ይጓዛል። መተላለፊያው ተፍቆ ይጽዳ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቦታው እንደገና ይታይ፤ ተመልሶ ከተሠራ ምስጡ ሥራ ላይ ነውና ዙሪያው ተቆፍሮ ጎሬው ይፈለግ፣ የተበላው እንጨትም ይቀየር።

በመሬት ውስጥ የሚቀበረው የቋሚ ክፍል በአካባቢው ልማድ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። ይህ ጥቂት የሚረዳ ቢሆንም ዘይቱ መርዛማ በመሆኑ በጉድጓድ ውሃ፣ በጎተራና በከብት መመገቢያ አጠገብ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም፤ ቀቢውም እጁን መሸፈን አለበት። ከዚህ የሚሻለው መፍትሔ ቋሚው በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በኮንክሪት ላይ እንዲቆም አድርጎ እንጨቱን ከአፈር መለየት ነው። የማገዶ እንጨትን፣ የበቆሎ አገዳንና ጭድን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ መከመር ምስጥን ራሱ ጋብዞ እንደ ማስገባት ስለሚቆጠር ክምሩ ከቤቱ ይራቅ።

ደረጃ 5፦ ጭቃውን ማዘጋጀት

የልስን ጥራት የሚወሰነው ከመራጊው እጅ በፊት በአፈሩ ነው። በቡሬና በጃቢ ጠህናን በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈር ለምርጊት የሚመች ሲሆን፣ በረባዳ ቦታዎች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ግን ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ በመሆኑ ብቻውን ለግድግዳ አይመከርም። አፈሩ ዕፅዋት ከሚበቅልበት ከላይኛው ሽፋን ሥር ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ስለሚበዛበት ጥንካሬ የለውም።

አፈሩን ለመፈተን ጥቂት ጭቃ ያለ ጭድ ተለውሶ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ድብልብል መልክ ይሠራና በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እየተባለ ወደ ውጭ ይገፋ። ተንጠልጥሎ የሚቆረጠው ክፍል ከ5 ሳንቲ ሜትር ካጠረ አፈሩ አሸዋ በዝቶበታል፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር ከረዘመ ደግሞ የሚጣበቀው ክፍል በዝቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አሸዋ ይጨመርበት። በሁለቱ መካከል ከተቆረጠ ይስማማል።

ከዚያም አፈሩ ተነፍቶ፣ በውሃ ርሶ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጥ። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን ከውስጥ አያይዞ ስለሚይዘው ነው። የተረገጠው ጭቃ ተሸፍኖ፣ እንዳይደርቅ በየጊዜው ውሃ እየተጨመረበትና ደጋግሞ እየተረገጠ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቡካ፤ ጭዱ ለስልሶ ጭቃው የመቡካት ሽታ ሲሰጥ የመጣበቅ ኃይሉ ጨምሯል። በተረገጠበት ቀን በችኮላ የሚመረግ ጭቃ ከማገሩ ጋር ሳይያያዝ በደረቀ ማግሥት ይረግፋል። በብዛት ከመለሰን በፊት በግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህሉ ሁለትና ሦስት ናሙናዎች በተለያየ የአሸዋና የጭድ መጠን ተለስነው ከሳምንት በኋላ ያልተሰነጠቀው ይመረጥ።

ደረጃ 6፦ ምርጊትና ልስን

ምርጊት በማገሮቹ መካከል የሚሞላው ወፍራም ጭቃ ሲሆን፣ ልስን ደግሞ በላዩ የሚደረበው ቀጭን የመጨረሻ ሽፋን ነው። የለቀቀው አሮጌ ጭቃ ሁሉ እስከ ጤነኛው ይራገፍ፤ ጫፉም ይቦርቦር፤ ግድግዳውም አዲሱ ከመደረቡ በፊት በውሃ ይረጭ። ውሃ ያልተረጨበት ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ እርጥበት ወዲያው ስለሚመጠው አዲሱ ሳይጣበቅ ይደርቃል።

የምርጊቱ የመጀመሪያ ድርብ በእጅ ኃይል ተወርውሮ ይጠቅጠቅ፣ ፊቱም ሻካራ ይተው። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ሁለተኛው ድርብ የሚይዝበት መቆንጠጫ ነው። ሁለተኛው ድርብ የሚለጠፈው የመጀመሪያው እስከ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ሲሆን፣ እንደ ፀሐዩና እንደ ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የመጨረሻው ልስን በተነፋ አፈርና በደቀቀ ጭድ ተሠርቶ በማንኪያና በፍራታሶ ይስተካከል። ሥራው በጧትና ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀትር ፀሐይ የተለሰነ ፊት ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ለውስጥ ግድግዳና ለወለል እበት ከተነፋ አፈር ጋር ተለውሶ ሲለቀለቅበት አቧራን ይይዛል፤ የውጩን ግድግዳ ኖራ መቀባትም ከፍንጣሪ ይጠብቀዋል። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ሠራተኛው እጁን ይሸፍን፤ ሕፃናትም ይራቁ።

በከተሞቹ እየበዛ የመጣ አንድ ስሕተት በዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። የጭቃን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በስሚንቶ መለሰን ቤቱን ያሳምራል፤ ይሁን እንጂ ጭቃ ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰበሰብ፣ ስሚንቶ ግን የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ሁለቱ ጊዜ ቆጥረው ይለያያሉ። በስንጥቁ የገባ ውሃም መውጫ ስለሚያጣ ቋሚውንና ማገሩን ከውስጥ ያበሰብሳል፤ ባለቤቱም ጉዳቱን የሚያውቀው ግድግዳው ሲያዘነብል ነው። አስቀድሞ በስሚንቶ የተለሰነ ቤት ያለው ሰው ስንጥቁን በየዓመቱ ፈልጎ ይድፈን፤ ባዶ የሚጮኸውንም ክፍል አንሥቶ እንጨቱን ይመልከት።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የፀረ ወባ ኬሚካል ርጭት ነው። በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል የሚሠራው ትንኟ በግድግዳው ላይ ስታርፍ ስለሚነካት በመሆኑ፣ ከርጭት በኋላ የተደረበ ልስን፣ ልቅለቃ ወይም ቀለም ኬሚካሉን ሸፍኖ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ የውስጥ ግድግዳ ሥራ ሁሉ የጤና ሠራተኞች ለርጭት ከመምጣታቸው በፊት ይጠናቀቅ፤ መቼ እንደሚመጡም ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠየቅ።

ደረጃ 7፦ የግድግዳው እግርና የግቢው ቦይ

ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መሬት መትቶ የሚፈናጠረው በአብዛኛው በግድግዳው የታችኛው ግማሽ ሜትር ላይ ነው፤ የጭቃ ቤትም መናድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መከላከያው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የግድግዳውን እግር ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይ ካብ ማልበስ ነው። ጣሪያው ውሃ በሚያንጠባጥብበት መስመር ጠጠር ቢነጠፍ ፍንጣሪው በጣም ይቀንሳል።

በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘንብል። ቤቱ በተዳፋት ላይ ካለ ከበላዩ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ፣ በገበሬው አነጋገር ፈሰስ፣ ይቆፈር። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለብዙ ግቢ የሚበቃ ሲሆን፣ ከበላዩ ሰፊ ማሳ ወይም መንገድ ካለ ግን መስፋትና መጥለቅ ይኖርበታል። ተዳፋቱ ለዘብ ያለ፣ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚህ የገዘፈ ተዳፋት ቦዩን ራሱን እየቦረቦረ ወደ ገደልነት ይለውጠዋል። ልኩን ለማወቅ ውሃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይበቃል፤ በሁለቱ ጫፍ የሚታየው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም የሁለት ቦታዎች ልዩነት በሜትር ይለካል።

የቦዩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ውሃው ሣር በለበሰ መሬት ላይ ወይም በድንጋይ በተነጠፈ መውረጃ ይለቀቅ እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ እግረኛ መንገድ አይዙር፤ በየክረምቱ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ያለ ምክክር የተለቀቀ ጎርፍ ነው። ተጎራባቾች በግንቦት ተነጋግረው አንድ የጋራ ቦይ ቢቆፍሩ ሥራውም ያንሳል፣ ፍቅሩም ይጸናል።

ደረጃ 8፦ ጎተራ፣ መጸዳጃ ቤትና የወባ መከላከያ

በክረምት የተቀመጠ እህል እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ነቀዝም ይበረታበታል። ጎተራው ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ መቆሙ፣ ክዳኑም ከቤቱ ጣሪያ እኩል መጠገኑ ይረጋገጥ፤ ስንጥቁ በእበትና በጭቃ ይለቅለቅ። በቤት ውስጥ በማዳበሪያ የሚቀመጥ በቆሎ በርብራብ ላይ ሆኖ ከግድግዳ ጥቂት ይራቅ፤ ግድግዳን የነካ ማዳበሪያ እርጥበት ከግድግዳው ይጠጣልና።

የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ አፉ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ በጭቃ ወይም በድንጋይ ይከበብ፤ ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ሞልቶ በመፍሰስ በሽታን በግቢው ይበትናል። አዲስ የሚቆፈር ከሆነ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከበታቹ በኩል ይሁን።

ፍኖተ ሰላምና ዙሪያዋ ወባ የሚያጠቃቸው አካባቢዎች በመሆናቸው፣ አፈር ለጭቃ የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ሥራው እንዳለቀ ይደፈኑ። ለቤት እድሳት ተብሎ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ክረምት ሲመጣ የትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር የምትፈልገው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለው ክፍተትም ይጥበብ፤ ሆኖም ማድ ቤት የጭስ መውጫ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያውን ዝናብ መፈተኛ ማድረግ

በሚያዝያና በግንቦት አልፎ አልፎ የሚጥለው ዝናብ ለሥራው መፈተኛ ነው። ዝናቡ በሚወርድበት ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ በውስጥ ጣሪያውን ይመልከት፤ ሌላው እንዳባራ በግቢው ዞሮ ውሃ የቆመበትን፣ ቦይ የሞላበትንና ፍንጣሪ የደረሰበትን ቦታ በችካል ያመልክት። እነዚህ ነጥቦች በዚያው ሳምንት ይስተካከሉ። መብረቅ ባለበት ጊዜ ግን ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ፣ ከረዥም ዛፍ ሥርም አይጠለል። ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚቀረው ሥራ በየሳምንቱ አሸንዳንና ቦይን መጥረግ ነው፤ በአንድ ክምር ቅጠል የተዘጋ ቦይ እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል።

ገንዘብና ጉልበት በአንድ ዓመት ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ባለቤቱ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይያዝ። በመጀመሪያ ለሕይወት የሚያሰጋው፣ ማለትም የበሰበሰ ምሰሶና ያዘነበለ ግድግዳ፤ በሁለተኛ ደረጃ የጣሪያው ምስማርና ቀዳዳ፤ በሦስተኛ ደረጃ ቦዩ፤ በአራተኛ ደረጃ የግድግዳው እግር፤ በመጨረሻም የላይኛው ልስንና ቀለም ይሠራ። ቦይ መቆፈር ከአካፋና ከዶማ በቀር ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ምስማር መቀየርም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ በመሆኑ አቅም አነሰኝ ብሎ ሁለቱን ለከርሞ ማስተላለፍ አይገባም። ቀለም የሚታይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሠራል፤ ቤተሰቡን በደረቅ ወለል ላይ የሚያሳድረው ግን ያልተነሣው ምስማርና ያልተደፈነው ቦይ ነውና፣ ያለው አቅም ከቀለም አስቀድሞ ለእነዚህ ይዋል።